የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በኢትዮጵያ ዋና ከተማ የሚገኝ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሕዝብ ማመላለሻ ነው። የሰሜን–ደቡብ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ተከፍቷል። ግንባታው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ፈጅቷል።

መስመሮችና አገልግሎት

የምሥራቅ–ምዕራብ (አረንጓዴ) መስመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች 17.4 ኪሎ ሜትር፣ የሰሜን–ደቡብ (ሰማያዊ) መስመር ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ 16.9 ኪሎ ሜትር ይረዝማሉ። ከስታዲየም እስከ ልደታ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። በሁለቱም ላይ 39 ጣቢያዎች አሉ። ባቡሩ በአብዛኛው በመሬት ላይና በድልድይ ይሄዳል፤ በምኒልክ አደባባይ አካባቢ ግን ከመሬት በታች ያልፋል። አገልግሎቱ ሲጀመር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ለሥራው ከገቡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል።

ባቡሩና ሥነ ጥበብ

በሞስኮ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎቹ ራሳቸው በሞዛይክና በቅርጻ ቅርጽ ያጌጡ ናቸው። በአዲስ አበባ ግን የጥበብ ሥራዎቹ የሚገኙት ከጣቢያዎቹ ውጭ ነው።

የባቡሩ ግንባታ በቀጥታ የነካው የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣሊያ የተገደሉ ጳጳስ ሲሆኑ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የተሰኘውን ተውኔት ጽፎላቸዋል። ባቡሩ በአደባባዩ ሥር በዋሻ ስለሚያልፍ ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ተነሣ። ይመለስ ይሆን የሚል ሥጋት በሕዝቡ ዘንድ ነበር። በብሔራዊ ሙዚየም ከቆየ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል።

ለገሀር ጣቢያ አጠገብ የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም ተነሥቶ የተመለሰ ነው። በወረራው ጊዜ ወደ ሮም ተወስዶ በዚያ ከተማ ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ተተክሎ ነበር። ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘው ይህን አንበሳ አይቶ ነው።

ከዚሁ ጣቢያ በእግር የሚደረስበት ብሔራዊ ቴአትር ጣሊያኖች ለሲኒማ ቤትነት የጀመሩት ሕንፃ ነበር፤ ተጠናቆ የተመረቀው በ1948 ዓ.ም. ነው። በአጠገቡ የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ይገኛል። ከስታዲየም ጣቢያ ብዙም በማይርቀው የአፍሪካ አዳራሽ ደግሞ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት አለ።