የሐረር ቤቶች ስለ 1879 ምን ይላሉ?

ሐረር ጀጎልን ሊጎበኝ የሄደ ሰው "የራምቦ ቤት" ሳያይ አይመለስም። ቤቱ ያምራል። ነገር ግን ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ አልኖረበትም። ራምቦ የሞተው በ1884 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቤቱን ከዚያ በኋላ ያሠራው አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ነው። በገጣሚው ስም ስንጠራው ቤቱ ራሱ የሚነግረንን ታሪክ ሳንሰማ እናልፋለን።

እስቲ መጀመሪያ ነባሩን የሐረሪ ቤት፣ "ጌይ ጋር"ን እንይ። ከመንገድ ሲያዩት የድንጋይ አጥርና በር ብቻ ነው። ውበቱ ውስጥ ነው። በዋናው ክፍል "ነደባ" የሚባሉ፣ ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች አሉ። ሽማግሌ፣ ሊቅ፣ ወጣት፣ እያንዳንዱ ቦታውን ያውቃል፤ ሰው የተቀመጠበት መደብ ክብሩን ይናገራል። ግድግዳው በስፌት ተሸልሟል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ምንጣፍ ደግሞ ለትዳር የደረሰች ልጅ እንዳለች ይጠቁማል።

መደቡ ቀይ ነው። የከተማው ሰዎች ሲናገሩ፣ ቀለሙ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው። የአሚር አብዱላሂ ጦር በንጉሥ ምኒልክ ጦር ተሸንፎ፣ ሐረር በራሷ አሚር መተዳደሯ ያከተመው በዚያ ጦርነት ነው።

ከዚያ ወዲህ የህንድ ነጋዴዎች መጡ። እነሱ የሠሩት ቤት ባለፎቅ ነው፤ በረንዳው ወደ ጎዳናው ወይም ወደ ግቢው ያያል። ውሎ አድሮ ሁለቱን ያዳቀለ ሦስተኛ ዓይነት ቤትም ተፈጠረ።

ይኸው 1879 በአንድ ሰፈር ሁለት ምልክት ትቷል፤ በአንዱ ቤት ውስጥ የሐዘን ቀለም፣ በሌላው ደጅ የአዲስ ንግድ በረንዳ። እኛ ዛሬም "ማቅናት ነው"፣ "ወረራ ነው" እየተባባልን አንዱን ይዘን ሌላውን እንጥላለን። የሐረር ሰው ግን ሁለቱንም ጎን ለጎን አኑሯቸዋል።

ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ የቤቶቹን ውስጣዊ አሠራር ከከተማዋ ቅርስ ሁሉ እጅግ አስደናቂው ብሎታል። ስለዚህ የውጭ ግንቡን ቀለም ቀብቶ ነደባውን ማፍረስ ቅርስ መጠበቅ አይደለም። ነደባው የፈረሰ ዕለት የሚጠፋው መቀመጫ ብቻ አይደለም፤ አንድ ምስክርም አብሮ ይጠፋል።