ባለሙያ ፍለጋ፦ ከጋፋት እስከ ዛሬ

ታላቅ ወንድሜ ድራፍትማን ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ቢሮ ተቀምጦ፣ መሐንዲሱ በእርሳስ ጫር ጫር አድርጎ የሰጠውን የመንገድ፣ የድልድይና የቦይ ሐሳብ በአውቶካድ እየነደፈ ፕላን ያደርገዋል። ባለፈው ዕረፍት ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ የድልድይ ፕላን ሳይሆን የቪዛ ማመልከቻ ተዘርግቶ አገኘሁት።

አውስትራሊያ ለሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ ከምትቆጥራቸው ሙያዎች መካከል የሲቪል ኢንጂነሪንግ ድራፍትማንን ስሙን ጠርታ፣ 312211 የሚል ቁጥር ሰጥታ አስፍራዋለች። በነጥብ ለሚገኘው ቪዛ ዕድሜ ከ45 በታች መሆን አለበት፤ እንግሊዝኛ ይፈተናሉ፤ ሙያውን ኢንጂነርስ አውስትራሊያ የተባለው ማኅበር ይመዝነዋል። ለዕድሜ፣ ለቋንቋ፣ ለትምህርትና ለልምድ የሚሰጠው ነጥብ ቢያንስ 65 መሙላት አለበት። 65 መሙላትም ቢሆን «ግባ» ማለት አይደለም፤ ጥሪ ይጠበቃል።

«ጋሼ፣ ልትሄድ ነው ማለት ነው?» አልኩት።

«እነሱ እኮ ሙያዬን ስሙን ጠርተው ጽፈውታል» አለኝ። «እዚህ ማን ጽፎታል?»

መልስ አጣሁ። የታሪክ ተማሪ መልስ ሲያጣ ወደ ኋላ ያያል፤ እኔም ከከተማችን በእግር የሚደረስባትን ጋፋትን አሰብኩ። ባለሙያ የሚፈልግ፣ የሚጠራ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ በዚያ ዘመን የእኛ አገር ነበርና። (ከዚህ በታች ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዳግማዊ ቴዎድሮስ በ1855 ሲነግሡ አገሪቱን አንድ ማድረግ ብቻ ሳይሆን እጇን መፍታትም ይፈልጉ ነበር። በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት በባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና የሠለጠኑ ወጣቶችን ላከላቸው። እነዚህ ሰዎች ወንጌልም የእጅ ሙያም የያዙ ነበሩ፤ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ይባላሉ። ሌሎችም ተጨመሩ። ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪና ሞሪትዝ ሆል የተባለ የፖላንድ ሰው ነበሩ። ቀደም ሲል ለደጃዝማች ውቤ ያገለግል የነበረው ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤዱዋርድ ዛንደርም ወደ ቴዎድሮስ ገባ። የወንድሜን ሙያ አያት እንፈልግ ከተባለ በእኛ ደጋ ምናልባት ይኸው ዛንደር ነው።

ጋፋት ላይ ቤት ተሰጣቸው። ቫልድማየርና ዛልሙለር የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ኢትዮጵያውያት ልጆች አገቡ። ወጣቶችም ወደነሱ እየተላኩ ይማሩ ነበር። ንጉሡ መጀመሪያ መንገድ አሠሯቸው፤ ቀጥሎ መድፍ ጠየቋቸው። «እኛ መድፍ መሥራት አናውቅም» ቢሉም አልቀረላቸውም። ሞክረው፣ ከሽፎባቸው፣ እንደገና ሞክረው በ1867 ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አፈሰሱት።

ንጉሡ ግን በዚህ የሚረኩ አልነበሩም። በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። በ1864 መጀመሪያ ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። መልሱን ይዞ ራሳም በ1866 ሲመጣ ቴዎድሮስ የጠየቁት ወርቅ አልነበረም፤ የእጅ ባለሙያና መሣሪያ ነው። ሚስዮናዊው ፍላድ ሚስቱንና ልጆቹን እንደ መያዣ ትቶ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወደ ለንደን ተላከ። የእንግሊዝ መንግሥትም ባለሙያዎች ቀጥሮ ምጽዋ ድረስ ላከ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ቁጭ ብለዋል። ንጉሡ ደጋ ላይ ይጠብቃሉ። የእንግሊዝ መንግሥት «እስረኞቹ መጀመሪያ ይፈቱ» ይላል፤ ቴዎድሮስ ደግሞ «ባለሙያዎቹ መጀመሪያ ይምጡ» ይላሉ። ማንም ማንንም አላመነም። በ1867 ባለሙያዎቹ የደጋውን አየር ሳይቀምሱ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዛሬ «ቪዛ ተከለከለ» የምንለው ነገር ያኔ በአንድ ወደብ ላይ፣ የመንግሥት ዕጣ ተይዞበት ተፈጸመ ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ሲመለሱ በምትካቸው የናፒር ጦር መጣ፤ እሱም መሐንዲሶቹን ይዞ፣ ዙላ ላይ የባቡር ሐዲድ እየዘረጋ።

ቴዎድሮስ በ1867 ጥቅምት ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። ከ4,100 ሜትር በላይ የሚቆመው ጉና ቁልቁል እያያቸው፣ በጨጨሆ አድርገው፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል እየሠረሠሩ ነው የሄዱት። መንገዱን ሠራዊቱ እየቆፈረ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ወራት ፈጀ። መድፉ መቅደላ የደረሰው በ1868 መጋቢት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሰዉ። አውሮፓውያኑም አብዛኞቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ቫልድማየር ሊባኖስ ገብቶ በ1873 ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ሆል ጃፋ ሰፈረ። የጋፋት ምድጃ ግን ቀዘቀዘ።

ለምን ቀዘቀዘ? ብዙዎቻችን «እንግሊዝ አጠፋብን» ብለን እናልፈዋለን። እውነት አለበት፤ ግን ሙሉ መልስ አይደለም። እኔ ሁለት ምክንያት እጨምራለሁ።

አንደኛው፣ የጋፋት ሰዎች በር የተዘጋባቸው መሆናቸው ነው። ንጉሡ ከበሬታም ቤትም ሰጥተዋቸዋል፤ መውጫ ግን አልሰጧቸውም። እንዲህ የተያዘ ሰው በሩ የተከፈተ ቀን ይሄዳል። በሰንሰለት የተያዘ ሙያ የሚቆየው ሰንሰለቱ እስኪበጠስ ድረስ ብቻ ነው።

ሁለተኛው በእኛ ላይ የሚያርፍ ነው። በዚህ አገር ብረት የሚያቀልጥ ሰው ምን ይባል ነበር? ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ሲብስም ቡዳ። ማረሻውን ሠርቶ ያበላንን ሰው ማዕድ አላቀረብነውም፤ ልጃችንን አልዳርንለትም። ታዲያ ጋፋት ላይ ከፈረንጅ የተማረው ወጣት ተመልሶ የት ይግባ? ማን «ባለሙያ» ብሎ ይቀበለው? የምናነባቸው መጻሕፍት የፈረንጆቹን ስም አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ፤ እኔም ከላይ ዘርዝሬያለሁ። ወናፍ የነፋው፣ ቅርጹን ያበጀው፣ ገመድ የጎተተው ልጅ ግን «ሠራተኞች» ተብሎ በጅምላ ታልፏል። ሙያ ከሰው ወደ ሰው ካልተላለፈ፣ የተላለፈለትም ሰው ካልተከበረ፣ ባለቤቱ በሄደ ቀን አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ ወዲህ ያለውንም ተመልከቱ። በ1950 የዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረን፤ በ1951 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በአሜሪካኖች እገዛ ቆመ። በ1954 የኢትዮ–ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ቻይናውያን ከወረታ ወልድያ ያለውን መንገድ ሠሩልን፤ ያ በደብረ ታቦር አድርጎ በጉና ሥር ወደ ጨጨሆ የሚወጣው ዛሬም የምንሳፈርበት መንገድ ነው። ሁሌም ባለሙያ መጣልን። ከእነዚህ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ዘር የተከለው ግን የትኛው ነው ቢባል፣ መንገዱን ሠርቶ የሄደው ሳይሆን ልጆቻችንን አስተምሮ ያወጣው ኮሌጅ ነው እላለሁ። መንገድ ይፈርሳል፤ የተማረ ሰው ሌላውን ያስተምራል።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። የምንጠራው እኛ ሳንሆን የምንጠራው እኛ ነን፤ ማለቴ፣ ጠሪው ሌላ ሆኖ ተጠሪው የእኛ ልጅ ሆኗል። ወንድሜን «አገርህን ከዳህ» ልለው አልችልም። እሱ የሚበላውን፣ የእናታችንን መድኃኒት የሚገዛውን እኔ አውቃለሁ። «አትሂድ» ብሎ በሩን መዝጋትም የጋፋትን ስሕተት መድገም ነው። «እሺ ሂድ» ብሎ ዝም ማለት ደግሞ ሌላው ስሕተት ነው፤ እሱ በሄደ ማግሥት የዚያች ቢሮ ኮምፒዩተር እንደ ጋፋት ምድጃ ይቀዘቅዛልና።

ይህንኑ ነገርኩት። ሲስቅ ቆይቶ አንድ ፕላን አውጥቶ አሳየኝ። በፕላኑ ቀኝ ጥግ ትንሽ ሣጥን አለች። መሐንዲሱ ይፈርምባታል፣ ያረመው ይፈርምባታል፤ ከሥር ደግሞ «የነደፈው» የምትል መስመር አለች። እዚያች መስመር ላይ የእሱ ስም ምልክት ይኖራል ብዬ ስጠብቅ ሌላ ፊደል አየሁ።

«የማን ነው?»

«የልጅቷ ነው። ከቴክኒክና ሙያ የወጣች ተለማማጅ ናት። ይሄን ድልድይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የነደፈችው እሷ ናት። የእኔ ሥራ ማረም ብቻ ነበር።»

«ደመወዝ ጨመሩላት?»

«ገና ናቸው» አለኝ፤ ፊቱም ጠቆረ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከፊሎቻችን ነገ አስተማሪ፣ ከፊሎቻችን ቢሮ ኃላፊ እንሆናለን፤ ከፊሎቻችንም ማመልከቻ እንሞላለን። ቪዛውን ሌላ አገር ይሰጣል ወይም ይከለክላል፤ እሱ በእጃችን አይደለም። በእጃችን ያለችው ያች ትንሽ ሣጥን ናት። የጋፋት ልጆች ሣጥን አልነበራቸውም። የዚችኛዋ ልጅ ፊደል ተጽፏል፤ ደመወዟ ግን ገና ነው። እሷም በተራዋ ያን ዝርዝር ከፍታ 312211ን ስትፈልግ ብናገኛት ማንን ልንወቅስ ነው?