ደለል የረታው ወደብ

በኒካራጓ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ የሳን ሁዋን ወንዝ ከካሪቢያን ባሕር በሚቀላቀልበት ዝናባማና ረግረጋማ ዳርቻ፣ ሳን ሁዋን ዴል ኖርቴ የተባለች የወደብ ከተማ ነበረች። ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ ወንዝ የሚነሣው ከኒካራጓ ሐይቅ ሲሆን፣ ሐይቁን ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚለየው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የብስ ብቻ በመሆኑ፣ የወንዙን አፍ የያዘ መንግሥት የሁለቱን ውቅያኖሶች መተላለፊያ እንደያዘ ይቆጠር ነበር። ስፔናውያን በ1675 ኤል ካስቲዮ በተባለው ስፍራ የድንጋይ ምሽግ ሠርተው የጨረሱትም፣ የባሕር ወንበዴዎች በዚሁ ወንዝ ሽቅብ ቀዝፈው በሐይቁ ዳር ያለችውን የግራናዳን ከተማ ከዘረፉ በኋላ ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)።

በ1848 እንግሊዞች የዳርቻው ተወላጆች የሆኑት የሚስኪቶ ሕዝብ ንጉሥ ጠባቂዎች ነን በማለት ወደቧን ያዙና በጃማይካው አገረ ገዥ በሰር ቻርልስ ግሬይ ስም ግሬይታውን አሏት። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ወርቅ በመገኘቱ፣ ከ1851 ጀምሮ የኮርኔሊየስ ቫንደርቢልት ኩባንያ ከኒው ዮርክ የመጡትን ወርቅ ፈላጊዎች እዚህ ከመርከብ እያወረደ፣ በዝቅተኛ ውኃ በሚሄዱ የእንፋሎት ጀልባዎች ወደ ሐይቁ፣ ከዚያም በየብስ ወደ ፓስፊክ ዳርቻ ያሻግራቸው ጀመር። ኩባንያው ከከተማዋ ሹማምንት ጋር የገባው ጠብ ግን እየከረረ ሄደ፤ ጁላይ 13 ቀን 1854 ሳያን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ከተማዋን በመድፍ ደበደበች፣ የተረፈውንም ባሕረኞቿ አቃጠሉት። ግፉ ከባድ ነበር።

ይሁን እንጂ ወደቧን ለዘለቄታው የገደላት መድፍ ሳይሆን ደለል ነው። ወንዙ ባሕር ከመድረሱ በፊት በደልታው፣ ማለትም በደለል በተሠራው ዝቅተኛ ምድር ላይ፣ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ አብዛኛው ውኃ ወደ ኮስታ ሪካ በሚፈሰው የኮሎራዶ ቅርንጫፍ በኩል ስለሄደ፣ የቀረው ፍሰት አሸዋውን ጠርጎ ማስወጣት ተሳነው፣ የወደቡም አፍ ተዘጋ። በ1889 የአሜሪካ ኩባንያ ሁለቱን ውቅያኖሶች የሚያገናኝ ቦይ ለመቆፈር ሥራ ቢጀምርም በ1893 ገንዘብ አልቆበት ተወው፤ በ1902ም የአሜሪካ ምክር ቤት ለቦዩ ፓናማን መረጠ።

በ1980ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት አሮጌዋ ከተማ ወድማ ነዋሪዎቿ ወደ ኮስታ ሪካ ተሰደዱ፤ ሲመለሱም አዲሱን መንደር በኢንዲዮ ወንዝ ዳር መሠረቱ። በጥንቱ ስፍራ ደለል ለመጥረግ የመጣ ማሽን የዛገ ቅሪትና የእንግሊዞች፣ የአሜሪካውያንና የካቶሊኮች መቃብሮች ይገኛሉ።