የድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት፦ ልግስና ነው ወይስ ግዴታ?

አንድ ኩባንያ በረመዷን ለችግረኞች አስቤዛ ሲያከፋፍል ብናይ፣ ብዙዎቻችን “ማኅበራዊ ኃላፊነቱን ተወጣ” እንላለን። በሌላ አገር ያደገ ሰው ግን በቅድሚያ ስለ ሠራተኞቹ ደመወዝና መብት ሊጠይቅ ይችላል። አንድ ድርጅት ለኅብረተሰቡ ምን ዕዳ አለበት? ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ አገሩ ባህል፣ ሕግና እምነት ይለያያል። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጽንሰ ሐሳቡ አጀማመር

ጉዳዩ በዘመናዊ መልኩ ሰፊ ውይይት የተደረገበት አሜሪካ ነው። ሃዋርድ ቦወን በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ ነጋዴዎች ለኅብረተሰቡ ኃላፊነት እንዳለባቸው ጻፈ። ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን ደግሞ በ1970 ተቃራኒውን ተከራከረ፦ ሕግና ደንብ እስከተከበረ ድረስ የኩባንያ ኃላፊነት ትርፍ ማሳደግ ነው አለ። በ1991 አርቺ ካሮል ኃላፊነቶቹን በአራት ደረጃ አስቀመጠ። መሠረቱ ትርፋማነት ሲሆን ሕግ ማክበርና ሥነ ምግባር ይከተላሉ፤ ልግስና ጫፍ ላይ ይቀመጣል።

የአገራት ልዩነት

በአሜሪካ መንግሥት በንግድ ጉዳይ ብዙ ጣልቃ እንዲገባ ስለማይፈለግ ኩባንያዎች በራሳቸው ፈቃድ ይለግሳሉ፤ ይህንንም ያስተዋውቃሉ። በጀርመን ግን ብዙው ኃላፊነት በሕግ ውስጥ ተካቷል። ለምሳሌ በ1976 በወጣው ሕግ መሠረት ከ2,000 በላይ ሠራተኞች ባሉት ኩባንያ የቁጥጥር ቦርዱ ግማሽ መቀመጫ የሠራተኞች ተወካዮች ነው። ማተንና ሙን የተባሉ ምሁራን በ2008 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካውን “ግልጽ”፣ የአውሮፓውን “ውስጠ ታዋቂ” ኃላፊነት ብለውታል።

በጃፓን የኦሚ ነጋዴዎች የሚታወቁበት መርህ አለ፤ ዛሬ “ሳንፖ ዮሺ” ይባላል። ንግድ ለሻጩ፣ ለገዢውና ለኅብረተሰቡ መልካም መሆን አለበት የሚል ነው። ሕንድ በ2013 ባወጣችው የኩባንያዎች ሕግ ትልልቅ ኩባንያዎች ካለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ የተጣራ ትርፋቸው 2 በመቶውን ለማኅበራዊ ሥራ እንዲያውሉ አድርጋለች። ኢንዶኔዥያም በ2007 በተፈጥሮ ሀብት ዘርፍ በተሰማሩ ኩባንያዎች ላይ ኃላፊነቱን በሕግ ደንግጋለች።

በሙስሊሙ ዓለም

በሙስሊም አገሮች ጽንሰ ሐሳቡ ሲመጣ ዘካ፣ ሰደቃና ወቅፍ ቀድመው ነበሩ። በቱርክ የወቅፍ ባህል ወደ ዘመናዊው ንግድ ተሻግሯል። በ1969 የተቋቋመው የቬህቢ ኮች ወቅፍ ለዚህ ምሳሌ ነው፤ በትምህርት፣ በጤናና በባህል ዘርፍ ይሠራል። በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ዘካን ከኩባንያዎች የሚሰበስበው መንግሥት ነው።

ዑለማዎች የተወያዩበት አንድ ነጥብ፣ ኩባንያ ሰው ሳይሆን ዘካ እንዴት ይወጅበዋል? የሚለው ነው። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1988 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ዘካው የባለ አክሲዮኖቹ ግዴታ ነው ብሏል። ኩባንያው በእነርሱ ስም የሚያወጣው መተዳደሪያ ደንቡ ከደነገገ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ከወሰነ፣ የአገሩ ሕግ ካስገደደ ወይም ባለ አክሲዮኑ ከወከለው ነው።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ዘካ የችግረኛው ሐቅ ነው። ስለዚህ ኩባንያ ያወጣውን ዘካ እንደ ልግስናው ቢያስተዋውቅ፣ ዕዳ መክፈልን ስጦታ ማለቱ ነው። በአንዳንድ ከወለድ ነፃ ባንኮችም ክፍያውን ያዘገየ ደንበኛ በገባው ቃል መሠረት የሚከፍለው ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ይውላል። ይህ ገንዘብ የባንኩ ትርፍ ስላልሆነ ከባንኩ የራሱ ልገሳ ተለይቶ መመዝገብ አለበት።

በአፍሪካና በአገራችን

ዌይን ቪሰር የተባለ ተመራማሪ የካሮልን አራት ደረጃዎች ከአፍሪካ ሁኔታ ጋር አነጻጽሮ፣ ልግስና ከጫፍ ወርዶ ከትርፋማነት ቀጥሎ እንደሚመጣ፣ ሕግና ሥነ ምግባር ግን ከእርሱ በኋላ እንደሚከተሉ ጽፏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ችግሩ ሰፊ ነው፣ መረዳዳትም ባህላችን ነው። በኢትዮጵያም ከኩባንያ የሚጠበቀው ከባለጸጋ ጎረቤት ከሚጠበቀው ብዙ አይርቅም፦ ድርቅ ሲመጣ እንዲደርስ፣ ትምህርት ቤት ሲሠራ እንዲያዋጣ፣ በረመዷን እንዲያስፈጥር።

ይህ መልካም ባህል ነው፤ ነገር ግን መሸፈኛ ሊሆንም ይችላል። ደመወዝ የሚያዘገይ ወይም ፍሳሹን ወንዝ ውስጥ የሚለቅ ድርጅት በአንድ ቀን ልገሳ ስሙን ሊያድስ ይችላል። በሸሪዓ ግን የሠራተኛን ሐቅ መብላት በሰደቃ አይካካስም፤ ሐቁ ለባለቤቱ መመለስ አለበት።

ባለ አክሲዮን የሆነ ሰው በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሦስት ነገር መጠየቅ ይችላል፦ ለበጎ አድራጎት ከወጣው ገንዘብ ስንቱ ዘካ፣ ስንቱ ከደንበኛ የተሰበሰበ፣ ስንቱ የድርጅቱ ነው? የሠራተኞች ደመወዝና መብት እንዴት ተጠብቋል? ሥራችን በአካባቢው ነዋሪ ላይ ያደረሰው ጉዳት አለ? ሠራተኛውና ደንበኛውም በየበኩላቸው ይህንኑ መጠየቅ ይችላሉ።