የግራዚያኒ ፋይል

ስለ ሽግግር ፍትሕ ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ደርግ ችሎት ነው። ፖሊሲው ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህማ ንጽጽሩ ሁሉ ከዚያ ጋር ሆኗል። ከደርግ በፊት የተከፈተ አንድ ፋይል ግን አለን። ተከሳሾቹ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ሞተው አልቀዋል።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የሆነው ይታወቃል። የኢትዮጵያ መንግሥት ሟቾቹን 30,000 ሲያደርሳቸው፣ ኢያን ካምቤል በጥናቱ ወደ 19,000 ይገምታል። ግንቦት ላይ ደብረ ሊባኖስ ተከተለ። መነኮሳቱን ማስረሸኑን ግራዚያኒ ራሱ፣ ቁጥር ጠቅሶ፣ በቴሌግራም ለሮም አሳውቋል። ገዳዩ በእጁ ጽፎ ያስቀመጠለትን ማስረጃ የሚያገኝ ዐቃቤ ሕግ ስንት አለ?

ችግሩ ማስረጃ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን በ1936 ዓ.ም. ለንደን ላይ ሲቋቋም ኢትዮጵያ በአባልነት አልተጠራችም። የእንግሊዝ መከራከሪያ አጭር ነበር፤ ኮሚሽኑ የሚያየው የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ወንጀል ነው፣ የእናንተ ጦርነት ከዚያ ይቀድማል የሚል። መጀመሪያ የተወጋ አገር፣ መጀመሪያ በመወጋቱ ከሰልፍ ወጣ ማለት ነው።

የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል ይህን ክርክር ዘጋው። አንቀጽ 38 ጣሊያን ለኢትዮጵያ ያለባት ተጠያቂነት ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማለትም ከወረራው የመጀመሪያ ቀን እንዲቆጠር ደነገገ። አንቀጽ 45 ደግሞ በጦር ወንጀል የሚፈለጉትን አሳልፋ እንድትሰጥ ያስገድዳል። ኢትዮጵያም በ1940 ዓ.ም.፣ ኮሚሽኑ ሊዘጋ ሳምንታት ሲቀሩት፣ አሥር ስሞች ይዛ ቀረበች። ባዶሊዮ፣ ግራዚያኒ፣ ሌሶና፣ የአዲስ አበባው የፋሽስት ፓርቲ ኃላፊ ጉይዶ ኮርቴዜ፣ ጄኔራሎቹ እነ ናዚና ፒርዚዮ ቢሮሊ ነበሩበት። አሥረኛው ስም ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ኤንሪኮ ቼሩሊ፣ በኢትዮጵያ ጥናት ዛሬም ሥራው የሚጠቀሰው ሊቅ። በቅኝ አስተዳደሩ ከፍተኛ ሹም ነበር። ስም ዝርዝር ውስጥ መግባት ጥፋተኛ መሆን አይደለም፤ ግን ይህን የሚለየው ችሎት ነበር፣ ችሎቱም አልተቀመጠም። ቼሩሊ በኋላ በቴህራን የጣሊያን አምባሳደር ሆኗል።

ኮሚሽኑ ክስ የሚያስመሠርት ነገር እንዳለ ተቀብሏል። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ጥያቄዋን ወደ ሁለት ሰው፣ ወደ ባዶሊዮና ግራዚያኒ አጥብባ በእንግሊዝ በኩል ሞከረች። ለንደን እንድትተወው መከረቻት። ባዶሊዮ በ1935 ዓ.ም. መጨረሻ ከሂትለር ወገን ወጥቶ ከምዕራባውያን ጋር የታረቀው መንግሥት መሪ ነበር። ጣሊያን ውስጥ ኮሚኒስቶች እየበረቱ ነው፤ የድሮ ማርሻል ለአፍሪቃ ችሎት ማስረከብ ለማንም አልተመቸም።

የእኛም ድርሻ አለበት። በእነዚያ ዓመታት የቤተ መንግሥቱ ትልቁ ጉዳይ ኤርትራ ነበረች፤ የፌዴሬሽኑ ውሳኔ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት እስኪያልፍ ድረስ የእንግሊዝና የአሜሪካ ፊት መጥቆር አልነበረበትም። በእኔ ግምት ፋይሉ የተቀበረው እዚህ ሒሳብ ውስጥ ነው። ሒሳቡ ጅልነት አልነበረም። ግን የደብረ ሊባኖስ ሟቾችን ቤተሰብ ማንም አማክሯል ብዬ አላምንም።

ግራዚያኒ በአገሩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ሚያዝያ 1942 ዓ.ም. 19 ዓመት ተፈረደበት። ጥፋቱ ከጀርመን ጋር መተባበር ነው፤ ኢትዮጵያ በክሱ ውስጥ የለችም። በወራት ውስጥ ተፈታ፣ በ1947 ዓ.ም. ሞተ፣ በ2004 ዓ.ም. አፊሌ በተባለች ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠራለት። «የአዲስ አበባ ዱክ» የሚል ማዕረግ የተሰጠው ባዶሊዮም ያረፈው በትውልድ መንደሩ ነው፤ መንደሯ ዛሬም በስሙ ትጠራለች።

ፋይሉ በሚቀበርበት በዚያው ሰሞን፣ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋት ስምምነትን በማጽደቅ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም ጨመረበት። በዚህ አንቀጽ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ የተባሉት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከመካከላቸው ብርሃኑ ባዬና አዲስ ተድላ ከግንቦት 1983 ዓ.ም. ጀምሮ የተጠለሉት አዲስ አበባ በሚገኘው የጣሊያን ኤምባሲ ነበር። ጣሊያን የሞት ቅጣት ስላለ አሳልፌ አልሰጥም አለች። ቅጣቱ ተለውጦላቸው በአመክሮ የወጡት ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ነው፤ ከ29 ዓመት በኋላ።