«ደፈረ»፦ የቃሉና የሕጉ ታሪክ

በአማርኛ «ደፈረ» ድንበርን፣ ሕግንና ክብርን መጣስን ያመለክታል፤ «ድፍረት» ግን የጀግናም መወደሻ ነው። ስለሆነም ሴት «ተደፈረች» ሲባል ቃሉ ከደረሰባት ጉዳት ይልቅ የተነካውን ክብር ያስቀድማል።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ከዚህ አስተሳሰብ አልራቀም። ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በፈቃዷ ካገባት፣ ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ አይከሰስም ነበር። ለወንዱ ከቅጣት ማምለጫ የሆነው ጋብቻ ለሴቲቱ ከበዳይዋ ጋር መኖር ነበር።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠላፊውን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ጋብቻም ከተጠያቂነት አያድነውም። አንቀጽ 620 «አስገድዶ መድፈር» ሲል «አስገድዶ» ለሴቲቱ ፈቃድ ስፍራ ይሰጣል፤ «መድፈር» ግን ሕጉ የሻረውን የክብር ፍርድ ዛሬም እንደያዘ ነው።