ጭምብል ሸክላ

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን እንግሊዝ የሶል ሙዚቃ ዳንስ ቤቶች ውስጥ ዲጄዎች «ከቨር አፕ» የሚሉት ዘዴ ነበራቸው። ዲጄው ብርቅ ሸክላ ሲያገኝ መሀሉ ላይ ያለውን ስም በነጭ ወረቀት ይሸፍንና የዘፋኙንም የዘፈኑንም ስም ከራሱ ፈጥሮ ይጽፍበታል። እኔ «ጭምብል ሸክላ» ብዬዋለሁ። «ከቨር» እንዳንል ሙዚቀኞቻችን የሌላውን ዘፈን መልሶ ለመጫወት ይዘውታል። «ሽፍን ሸክላ» ደግሞ መሸፈኑን እንጂ የውሸት ስሙን አይነግረንም። ግሱም አብሮ ይመጣል፤ አንዱ ጭምብል ያጠልቃል፣ የነቃ ተፎካካሪ ይገፈዋል።

መደበቁ ለምን አስፈለገ? ከ1973 እስከ 1981 ዊጋን ካሲኖ በተባለው ዳንስ ቤት ሌሊቱን ሙሉ (ያውም ያለ አልኮል!) የሚጨፍረው ወጣት የሚፈልገው በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ታትሞ ሰሚ ያጣ ፈጣን ሶል ነበር። ሌላ ቦታ የማይሰማ ዘፈን ያለው ዲጄ ሰውን ከሩቅ ከተማ ይጠራል። ስሙ ከታወቀ ግን ተፎካካሪው አሜሪካ ጽፎ ያስመጣዋል፤ አለዚያም አንዱ ያለፈቃድ አባዝቶ ይቸበችበዋል።

ፍራንክ ዊልሰንን እንይ። በ1965 ለአሜሪካው ሸክላ አሳታሚ ሞታውን «ዱ አይ ላቭ ዩ»ን ዘፈነ፤ ሸክላው ግን ገበያ ሳይወጣ ቀረና ቅጂዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተወገዱ። እሱም ወደ ፕሮዲውሰርነት ዞረ። ከዓመታት በኋላ ዘፈኑ እንግሊዝ ደርሶ ጨፋሪውን ሲያሳብድ «ኤዲ ፎስተር» በሚል ስም ነበር፤ ፎስተር ደግሞ ሌላ፣ በሕይወት የነበረ ዘፋኝ ነው! በዊልሰን ስም እዚያ የታተመው በ1979 ነው። በ2009 አንድ ዋና ቅጂ ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጠ፤ ገንዘቡ ግን የሰብሳቢ ነው፣ ያገለገለ ሸክላ ሲሸጥ ለዘፋኙ የሚደርሰው ነገር የለም።

ሶልን ያስወደዱት ዲጄዎች ናቸው የሚሉ አሉ፤ ሐሰት አይደለም። የግሎሪያ ጆንስን «ቴይንትድ ላቭ» በ1973 አሜሪካ ውስጥ አግኝቶ እንግሊዝ ያስደመጠው ዲጄው ሪቻርድ ሰርሊንግ ነው። በ1981 ሶፍት ሴል የተባሉት ሙዚቀኞች መልሰው ሲጫወቱት በብሪታንያ አንደኛ ወጣ። ያለ ሰርሊንግ ማን ያስታውሰው ነበር? ጭምብል ሲጠልቅ ግን ውለታው ይጎድላል። ሕዝቡ ዘፈኑን እየወደደ የዘፋኙን ስም አያውቅም፤ ስሙ ያልታወቀን ሰው ደግሞ መድረክ ላይ ና ብሎ የሚጠራው የለም። ዲጄው ግን ፖስተር ላይ አለ።

ዘዴው ከእንግሊዝም ይቀድማል። በ1950ዎቹ ጃማይካ ውስጥ ሸክላ አጫዋቹ ኮክሰን ዶድ ከአሜሪካ የሚያመጣቸውን ሸክላዎች ስም ይፍቅ ነበር፤ የዊሊስ ጃክሰንን «ሌተር ፎር ዘ ጌተር» «ኮክሰን ሆፕ» ብሎ በራሱ ስም ሰይሞታል። ይህ ጭምብል ሸክላ ነው። የኒው ዮርኩ ዲጄ ኩል ኸርክ ግን ስሙ ያለበትን ወረቀት ውኃ ውስጥ ነክሮ ከማንሳት አላለፈም፤ ሌላ ስም ካልተሰጠው ሸክላው ስመ-ፍቅ ቢባል ይበቃዋል።